ሁሉንም እሺ ያለው ፀጉር ቆራጭ

ፀጉር ቆራጩ እምቢ ማለት አያውቅም። ጨዋነት ነው የሚሉት ነበሩ፤ ጨዋነት አይደለም፣ የሥራ ልማድ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ጭንቅላት በግራ እጁ ይዞ በቀኙ ምላጭ ሲያንሸራትት የኖረ ሰው ነው። ምላጭ ጉሮሮው ላይ ካለ ሰው ጋር መከራከር እንደማይገባ ሥራውን ያስተማሩት ሽማግሌ ገና በለጋነቱ ነግረውታል። ደንበኛው «ዘንድሮ ዝናቡ በዛ» ካለ በዝቷል። ቀጥሎ የተቀመጠው «ዝናብ የሚሉት ነገር እኮ ጠፋ» ካለም ጠፍቷል። ለሁለቱም «ልክ ነው ጌታዬ» ይልና ማበጠሪያውን አራግፎ ይቀጥላል። ሰፈሩ በዚሁ ምክንያት «ልክነው» የሚል ስም አወጣለት፤ ዋናውን ስሙን ከመታወቂያው በቀር የሚያውቀው አልነበረም።

ፀጉር ቤቱንና መኖሪያውን የሚለየው አንድ መጋረጃ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ሁለት ወንበር፣ ግድግዳውን የሞላ መስታወትና ፎጣ የሚሰቀልበት ገመድ አለ። ከመጋረጃው ወዲህ ሚስቱ፣ ድስቶቿና ጆሮዋ ናቸው። ጆሮዋን ምንም አያመልጠውም።

«አንተ ሰውዬ! ቅድም በዛ አላልክም እንዴ?» ትላለች ከወዲህ።

ደንበኞቹ ይስቃሉ። እሱም ይስቃል። «ልክ ነሽ» ይላታል።

በቤት ውስጥም እንዲሁ ነው። ሸሚዙን የምትመርጠው እሷ፣ የሚበላውን የምታውቀው እሷ፣ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ «የት ጋ ነው የሚያምዎት?» ሲባል የምትመልሰውም እሷ ናት። አንድ ጊዜ ጥርሱን ታሞ የትኛው መንጋጋ እንደሆነ በጣቷ ያሳየችው እሷ ነበረች። የተነቀለውም እውነትም የታመመው ጥርስ ነበር፤ እስከ ዛሬ ትኮራበታለች።

እንግዲህ ይህ ሰውዬ ሽንቱ እየቆራረጠ አስቸገረው። እያለፈ ይሄዳል ብሎ ዝም አለ፤ እሷ ግን ጎትታ ወሰደችው። ደሙ ተመረመረ፣ ከዚያ በመርፌ ናሙና ተወሰደ፣ ከዚያ የቀዶ ሐኪሙ ሁለቱንም አስቀመጣቸው።

«ከፊኛ ሥር ፕሮስቴት የምትባል ትንሽ ዕጢ አለች» አለ ሐኪሙ። «እሷ ላይ ካንሰር ተገኝቷል። ነገር ግን ትንሽ ነው፣ ቀርፋፋ ነው፣ ከቦታውም አልወጣም። አደጋው ዝቅተኛ የምንለው ዓይነት ነው። ስለዚህ ልናወጣው እንችላለን፣ በጨረር ልናክመው እንችላለን፣ ወይም ሳንነካው በቅርብ እየተከታተልን ልናየው እንችላለን…»

ሴትዮዋ ካንሰር ከሚለው ቃል በኋላ የሰማችው ነገር የለም። ወንድሟ አንገቱ ላይ የወጣበትን እብጠት «ትንሽ ይቆይ፣ ትንሽ ይቆይ» እያለ ቆይቶ ነው የሞተባት። ከዚያ ወዲህ ይቆይ የሚል ሰው ስታይ ደሟ ይፈላል።

«ይውጣ!» አለች።

ሐኪሙ ወደ ባልየው ዞረ። «እርስዎስ አባቴ?»

«ልክ ናት» አለ ፀጉር ቆራጩ።

ለቀዶ ሕክምናው ሰኞ ቀን ተቆረጠ። ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነበርና እስከዚያው የጨረር ሐኪሙንና ምክር የምትሰጠዋን ነርስም እንዲያነጋግር አደረገው። የሁሉንም ሰምቶ ይወስን ብሎ ነው። ሴትዮዋ በዚያ ሰሞን ጉልበቷን አሟት ስለነበር ብቻውን ሄደ። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። ይህን ሰውዬ ብቻውን መላክ በር ሳይዘጉ መሄድ ነው፤ የገባ ሁሉ ያሻውን ይዞ ይወጣል።

ሰኞ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው አንድ ቀን ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ልክነው እጁ በሳሙና ተነክሮ ስለነበር እሷ አነሳችው። ከቀዶ ሕክምና ክፍል ነው፤ አባባ ከመግባታቸው በፊት ለምርመራ ደም ይስጡ አሏት። እሺ አለች። ድስቱን ሳታማስል እንደገና ጮኸ። ከጨረር ክፍል ነው፤ አባባ ሕክምናውን ስለመረጡ ረቡዕ ለልኬት ይምጡ አሏት። ሌላ ሰው ፈልጋችሁ ይሆናል ብላ ልትዘጋ ስትል ስሙን እስከ አያቱ ጠሩላት። ደንግጣ እንደቆመች ሦስተኛው መጣ። ነርሷ ናት። «እማማ፣ አባባ ክትትሉን ስለመረጡ የደም ምርመራ ቀጠሯቸውን ላስታውስ ነው» አለች።

ሴትዮዋ ስልኩን እንደያዘች መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ወንበሩ ላይ ግማሽ ፊቱ በአረፋ የተሸፈነ ጡረተኛ መምህር ተቀምጧል።

«አንተ!»

«አቤት።»

«ስንት ሆድ ነው ያለህ?»

«ምን አልሽ?»

«ስንት ሆድ አለህ ነው የምልህ! አንዱን ሰኞ ሊከፍቱልህ ነው። አንዱን ረቡዕ በጨረር ሊጠብሱልህ ነው። ሦስተኛውን ደግሞ ቁጭ ብለው ሊያዩልህ ነው! ለሁሉም እሺ ብለሃል!»

ልክነው ምላጩን አየው። «ሁሉም በደንብ አስረዱኝ» አለ ቀስ ብሎ። «የሁሉም ልክ ነበር።»

«ወይኔ!» አለች።

«እኔን ጨርሰኝና ተጣሉ» አለ መምህሩ ከአረፋው ሥር። ቀጥሎ ግን ዝም ማለት አልሆነለትም። «የፕሮስቴት ነው እንዴ ሕመሙ? የኔም እሱው ነበር እኮ። የኔንም ትንሽ ነው፣ ቀርፋፋ ነው ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ውስጤ አለ እያልኩ መብላት አቃተኝ። አስወጣሁት። አሁን ሲያስነጥሰኝ ያመልጠኛል፤ ከሚስቴም ጋር… እሱን ተዉት። ግን እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ምን እንደምከፍል አውቄ ነው የገባሁበት።» በመስታወቱ ውስጥ ፀጉር ቆራጩን አየው። «አንተስ አውቀህ ነው?»

«ልክ ነው ጌታዬ።»

«ምኑ ነው ልክ?» አለች ሴትዮዋ። «ጥያቄ ነው የጠየቀህ!»

በማግስቱ ጉልበቷን በጨርቅ ጠፍራ ነርሷ ክፍል ይዛው ገባች። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ ከግቢው ዛፍ ሌላ ምንም የማይታይባት መስኮት። ነርሷ ፀጉሯን ከኋላ አሳጥራ የተቆረጠች ሴት ናት፤ ልክነው ገና ሳይቀመጥ የቆረጣት ሰው ከግራ ጆሮዋ በላይ እንደተሳሳተ አየ። ምንም አላለም።

«እኔም ተሸውጄያለሁ» አለች ነርሷ የሦስቱን ስልክ ወሬ ስትሰማ። «ገባኝ ሲሉ አላመንኳቸውም ነበር። በራስዎ አፍ ይንገሩኝ ስላቸው እንደ ውሃ አወረዱልኝ። እስቲ አባባ፣ አሁንም ይንገሩኝ።»

ልክነው ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ። የሰው ወሬ ሲሰማ የኖረ ሰው ነው፤ አንዲት ቃል አልጣለም። ከወጣ ዕጢዋ ሙሉ በሙሉ ትሄዳለች፤ ነገር ግን ሽንት ሊያመልጥ፣ ወንድነትም ሊደክም ይችላል። ጨረሩ መቁረጥ የሚባል ነገር የለውም፤ ግን ብዙ ምልልስ አለው፣ ፊኛንና አንጀትን ሊያውክ ይችላል፣ ወንድነትንም አይምርም። ክትትል ማለት መተው አይደለም፤ በየወራቱ የደም ምርመራ፣ በየጊዜው በመርፌ ናሙና፣ አንዳንዴ የምስል ምርመራ አለው፤ ከተለወጠ ያኔ ይታከማል። ግማሽ ያህሉ ሰው ውሎ አድሮ ወደ ሕክምናው ይገባል፤ ሌላው ሳይነካው ይኖራል።

ሴትዮዋ አፏን ከፍታ አየችው። ይህን ሁሉ አንድ ላይ ሲናገር ሰምታው አታውቅም።

«ጎበዝ» አለች ነርሷ። «ታዲያ ከነዚህ ውስጥ እርስዎ የቱን ይፈልጋሉ?»

«እርስዎ የሚሉኝን።»

ነርሷ ተነፈሰች።

«ቆይ» አለች ሴትዮዋ። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ማንም ግን አያታልለኝም። ይሄ ዝም ብሎ ማየት የምትሉት ነገር ሰው መግደያ አይደለም ወይ? እሱን ንገሪኝ።»

ነርሷ ከመሳቢያዋ ሁለት ወረቀት አወጣች። በእያንዳንዱ ላይ መቶ ትናንሽ ሰዎች ተሰልፈዋል። «እነዚህ የአባባ ዓይነት ካንሰር ያለባቸው ሰዎች ናቸው እማማ። እነዚህኞቹ በክትትል ላይ ያሉ ናቸው። አሥራ አምስት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ በዚህ በሽታ ምክንያት የሚሞቱት ጥቁር የተቀቡት ናቸው።»

ሴትዮዋ ፈለገች። ጥግ ላይ ሦስት ሰዎች አገኘች። ጣቷን አንዱ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች። «ነፍስ ይማር» አለችው። «እነዚያኞቹስ?»

«እነዚያኞቹ ዕጢውን ያስወጡት ናቸው።»

ሁለተኛውን ወረቀት ወደ ዓይኗ አቀረበችው፣ አራቀችው፣ ገለበጠችው። እዚያም ጥግ ላይ ያው ሦስት ያህል ሰዎች ናቸው።

«ይሄ ወረቀት ተሳስቷል» አለች።

«አልተሳሳተም።»

«ታዲያ ለምን ይቆርጣሉ?»

«ሌላም ነገር ስላለ ነው» አለች ነርሷ። «ክትትል ላይ ካሉት ውስጥ በሽታው ከቦታው ወጥቶ የሚዛመትባቸው ትንሽ ይበዛሉ። ካስወጡት ውስጥ ደግሞ ሽንት የሚያመልጣቸውና አልጋ ላይ የሚቸገሩ ይበዛሉ። አንዱ ይህንን ይፈራል፣ ሌላው ያንን። እኔ የማን ፍርሃት እንደሚበልጥ አላውቅም። ባለቤቱ ነው የሚያውቀው።»

«አልጋ ላይ መቸገር ስትይ ያው…»

«አዎ እማማ።»

«በይው እንጂ ታዲያ! በዚህ ዕድሜዬ ምን ትደብቂኛለሽ?»

ልክነው ጣራውን ማየት ጀመረ።

ነርሷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ «እማማ፣ ለአፍታ ከውጭ ይጠብቁኛል?» አለች።

«እኔ?»

«እርስዎ።»

ሴትዮዋ ወጣች። የወጣችበትን አወጣጥ በሩ ያውቀዋል። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ ከሷ ውጭ ምን የሚያወሩት ነገር አለ እያለች ቦርሳዋን ስትከፍትና ስትዘጋ ነርሷ መጣችና አጠገቧ ተቀመጠች።

«ብቻቸውን ጠየቅኳቸው።»

«ምን አለ?»

«"ባለቤቴ የምትለውን" አሉኝ።»

በሌላ ቀን ቢሆን ይህ ቃል ደረቷን ያስነፋት ነበር። በዚያን ቀን ግን እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ሆነባት። ሰውዬው ሰኞ ጋደም ብሎ ሊቀደድ ነው፣ እሷ ይውጣ ስላለች። ሆዱ ከተከፈተ በኋላ ሽንቱ ቢያመልጠው እሷ ስላለች ነው የሚያመልጠው።

«ሰኞን ማዘግየት ይቻላል» አለች ነርሷ። «ይሄ የሚሮጥ በሽታ አይደለም፤ ለማሰብ ጊዜ ይሰጣል። ማስወጣት ከፈለጉም ጥሩ ምርጫ ነው፣ ማንም አይከለክላቸውም። ግን የራሳቸው ይሁን። እኔም አልመርጥላቸውም። እርስዎም ይቅርታ ያድርጉልኝና አይምረጡላቸው።»

«ልጄ፣ ያንን ሸሚዝ የመረጥኩለት እኔ ነኝ።»

«ያምርባቸዋል» አለች ነርሷ። «ሸሚዝ ይወልቃል።»

መንገዱን ሙሉ ጠየቀችው። አውቶቡስ ውስጥ «በነፍስህ፣ እውነቱን ንገረኝ፣ ምንድነው የምትፈልገው?» አለችው። «አንቺን ደስ የሚልሽን» አላት። ፊት ለፊት የተቀመጠች ሴት ሰምታ «ታድለሽ» አለቻት። ሴትዮዋ በግልምጫ ዝም አሰኘቻት።

ቤት ገብታ አሰበች። ይህን ሰው ምንድነው እምቢ የሚያሰኘው? ሻይ አፈላችና በስኳር ፈንታ ጨው ጨመረችበት። ፉት አለ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«እንዴት ነው?» አለችው።

«ጥሩ ነው» አለና ጠጥቶ ጨረሰው።

ያኔ ተስፋ ቆረጠች። የልጇን ስልክም አላነሳችም። ሴት ልጃቸው በሌላ ከተማ ባንክ ውስጥ የምትሠራ ናት፤ ነገሩን ከሰማች ጀምሮ በየቀኑ እየደወለች «እማዬ፣ ሰኞ እንዳያልፍ፣ ቶሎ ይውጣለት» ትላለች። እናትና ልጅ አንድ ምላስ ናቸው።

እሑድ ፀጉር ቤቱ ዝግ ነው። ሴትዮዋ ወለሉን ልትጠርግ ስትገባ ባሏ መስታወቱ ፊት ለፊት ቆሞ ማጅራቱን ሲዳስስ አገኘችው። ፀጉር ቆራጭ የራሱን ማጅራት አይቆርጥም፤ የሱን የሚቆርጥለት የሥራ ጓደኛው ደግሞ ታሞ ከረመ። አንገቱ ላይ ያደገው ሽበት ኮሌታው ላይ ተኝቷል።

«እንዲህ ሆነህ ነው ሆስፒታል የምትገባው? የሞተ ሰው ዘመድ መስለሃል» አለችው። «ቁጭ በል፣ እኔ አስተካክልሃለሁ።»

«እሺ» አለ። ምን ሊል ኖሯል?

ደንበኛ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ አስቀመጠችው፣ ነጩን ጨርቅ አንገቱ ላይ አሰረችለት። መቀስ ይዛ የምታውቀው ጎመንና ክር ስትቆርጥ ነው። ማበጠሪያውን ተወችውና በጣቷ አንድ እፍኝ ፀጉር ሰብስባ ያዘች። በመቀሱ ቀጭ አደረገችው። ከጆሮው በስተኋላ ላም የጋጠችው ሣር የመሰለ ጉድጓድ ተከፈተ። ሁለተኛውን እፍኝ ያዘች።

«አይ» አለ ልክነው።

ሴትዮዋ አልሰማችም። መቀሱን ከፈተች።

«አይ! አይ! ተይ! አይደለም! እንዲህ አይቆረጥም!» ከወንበሩ ተነሳ። «በማበጠሪያ አንስተሽ፣ መቀሱን አጋድመሽ ነው እንጂ! ቀድደሽ ልታወጪው ነው እንዴ? አልፈልግም! ስጪኝ መቀሱን!»

ፊቱ ቀልቷል። ሴትዮዋ መቀሱን አየር ላይ ይዛ ቀረች። አብራው ከኖረች ጀምሮ ይህን ድምፅ ሰምታው አታውቅም፤ የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት። ከዚያ ነቃች። ይህች ሴት ቀርፋፋ አይደለችም።

«መቀሱን አልሰጥህም» አለችው። «ተቀመጥ። በጨረሩስ ምን ትላለህ?»

«የምን ጨረር?»

«ረቡዕ የሚጠብሱህን ነዋ! ትፈልጋለህ አትፈልግም?» ሌላ እፍኝ ፀጉር ያዘች።

«አልፈልግም! በየቀኑ እየተመላለስኩ ሱቄን ማን ይከፍትልኛል? ልቀቂኝ ፀጉሬን!»

«ሰኞስ?»

«አል…» አለና ቆመ።

መስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተያዩ። ሴትዮዋ አፏ ውስጥ የመጣ ነገር ነበር፤ እሱ ከመጨረሱ በፊት ልትጨርስለት ነበር። ከንፈሯን ነከሰች። እንዲህ ያለ ከባድ ሥራ ሠርታ አታውቅም፤ ልጅ መውለድ ከዚህ ይቀልላል።

«ሰኞንም አልፈልግም» አለ ልክነው።

መቀሱን አወረደች።

«እኔ የምሠራው እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለ መስታወቱን እያየ። «እኔ እቆማለሁ፣ ሰውዬው ይቀመጣል። የሰው አፍንጫ የት ጋ ነው የሚደርሰው? እዚህ» አለና በጨርቁ ሥር ወገቡን መታ። «ቀኑን ሙሉ፣ የሰው አፍንጫ እዚህ። አንድ ቀን ቢያመልጠኝ፣ ቢሸት… መምህሩ ተቀምጦ የሚያስተምር ሰው ነበር፣ አሁን ደግሞ ጡረታ ወጥቷል፤ ያስነጥሰው፣ ችግር የለበትም። እኔ ግን ሱቁን እዘጋለሁ። ሱቁን ከዘጋሁ ደግሞ ምን እሆናለሁ? ያንን ዛፍ ሳይ ልውል ነው።»

የነርሷን መስኮት ዛፍ ማለቱ እንደሆነ ገባት።

«ደግሞ አንቺ አለሽ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አርጅተናል ይላሉ። ይበሉ።»

ሴትዮዋ ጣቶቿን ከፀጉሩ ውስጥ ሳታወጣ ቆመች። ጆሮዋ ጋለ።

«እፈራለሁም» አለ። «ይገድለኝ ይሆን እላለሁ። ግን ከመሞቱ ይልቅ ያንን አብልጬ እፈራለሁ። ካደገ ያኔ ያውጡት። ደም ስጥ ካሉኝ እሰጣለሁ፣ መርፌውንም እችላለሁ። እየታየ ይቀመጥ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?» አለች በመጨረሻ። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ይውጣ ስትይ ፊትሽን አየሁታ። ወንድምሽ ትዝ ብሎሽ ነበር። አንቺ ስትፈሪ ከምትኖሪ እኔ ልቆረጥ አልኩ።»

ሴትዮዋ ዞር አለችና መጥረጊያ ፈለገች። መጥረጊያው እጇ አጠገብ ነበር፤ ፍለጋው ግን ረጅም ጊዜ ወሰደባት።

«ደደብ» አለችው ጀርባዋን ሰጥታ።

«ልክ ነሽ» አለ።

ሰኞ ጠዋት ከቀዶ ሐኪሙ ፊት ተቀመጡ። ልክነው ጆሮው ኋላ ያለውን ጉድጓድ በኮፍያ ሸፍኖት ነበር፤ ለአክብሮት ብሎ አወለቀው። ሐኪሙ አይቶ አንድ ነገር ሊል ፈለገና ተወው።

«እኔ የምናገረው ነገር አለኝ» አለ ልክነው። ኮፍያውን እጁ ላይ ያዞረዋል። «ቀዶውን አልፈልግም። ጨረሩንም አልፈልግም። ክትትሉን ነው የምፈልገው።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ነበር።

«ለምን እንደሆነ ሊነግሩኝ ይችላሉ?» አለ ሐኪሙ።

ነገረው። የአፍንጫውን ነገር ሲነግረው ሐኪሙ አልሳቀም፤ ወንበሩን ወደ ፊት ሳብ አድርጎ አዳመጠው። «እኔም መጠየቅ የነበረብኝ ይህንን ነበር» አለ። «እሺ ሲሉኝ እሺ መስሎኝ ነው።» ከዚያ የክትትሉን ሥርዓት አስረዳው። ቀጠሮ አይታለፍም። የደሙ ቁጥር ከፍ ካለ ወይም መርፌው ሌላ ነገር ካሳየ እንደገና ተቀምጠው ይነጋገራሉ። ሐሳቡን ከቀየረም በማንኛውም ቀን በሩ ክፍት ነው። «አሁን ደግመው ይንገሩኝ፤ እኔ ያልኩትን ሳይሆን እርስዎ የሚያደርጉትን» አለው። ልክነው ነገረው።

«እርስዎስ እማማ?» አለ ሐኪሙ።

ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። «እኔ ብሆን አስወጣዋለሁ» አለች። «ዛሬም አስወጣዋለሁ፣ ነገም አስወጣዋለሁ። ደስ አላለኝም። ሆዱ ግን የሱ ነው።»

ቤት ደርሰው ሱቁን እንደከፈቱ ስልኩ ጮኸ። ልጃቸው ናት። ወደ ሆስፒታል ደውላ አባቷ ቀዶ ሕክምና እንዳልገባ ሰምታለች።

«እማዬ! ተውሽው? አንቺ እያለሽ? አጎቴን ረሳሽው እንዴ?» እያለቀሰች ነው። «ምን ብሎ ነው? ምን ነካው? ንገሪኝ!»

ሴትዮዋ የምትመልሰው ሁሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ተደርድሮ ነበር። የመቶዎቹን ሰዎች ነገር፣ የአፍንጫውን፣ የመርፌውን፣ አንዱንም አልረሳችም። ከሱ አሳምራ ትናገረዋለች፤ ልጇንም በምላሷ ዝም ታሰኛታለች። አፏን ከፈተች። ከዚያ መጋረጃውን ገለጠችና ስልኩን ለባሏ ዘረጋችለት።

«አባትሽ እዚህ አለ» አለች ወደ ስልኩ ጮኻ። «እሱን ጠይቂው።»

ልክነው ስልኩን እንደ ጋለ ነገር ተቀበለው። አንድ ደንበኛ አንገቱ ላይ ጨርቅ ታስሮ ይጠብቃል፤ ይጠብቅ። ሴትዮዋ የታጠቡትን ፎጣዎች በባልዲ ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። መስኮቱ ክፍት ነበርና ዘጋችው፤ ከዘጋችውም በኋላ ራቅ ወዳለው የገመዱ ጫፍ ሄደች። ፎጣዎቹን አንድ በአንድ እየጨመቀች ሰቀለች። ያ ነገር አሁንም እዚያው ውስጡ አለ። ዛሬም አብሯት ይበላል፣ አብሯት ይተኛል። በየወራቱ ደም ሲሰጥ ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ እንቅልፍ እንደማይወስዳት ታውቃለች። ይህን ለማንም አትነግርም።

ፎጣዎቹ ካለቁ በኋላ ልክነው ወጣ።

«አለቀሰች?»

«አለቀሰች።»

«አንተስ ምን አልካት?»

«ነገርኳት። እሷም ነገረችኝ። እኔም መልሼ ነገርኳት።» ባዶውን ባልዲ አነሳው። «አልተስማማንም» አለ፤ እንዲህም ይቻላል ወይ እንደሚል ሰው።

ሴትዮዋ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። «ለደም ምርመራው አብሬህ እመጣለሁ።»

«ነይ። የምናገረው ግን እኔ ነኝ።»

«እሱን እናያለን» አለችና ባልዲውን ከእጁ ነጥቃ «ሂድ፣ ሰውዬው ጨርቅ አንገቱ ላይ ታስሮ ሊያረጅ ነው» አለችው።